የምስክር ሙሾ

ዘቢደር ወንድሟን የሺዋስን የምታየው በእህት ዐይን ብቻ አልነበረም። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ዳባት ትምህርት ቤት በድራማ ክበብ ንጉሥ ሆኖ ሲጫወት ካባ የሆነለት የእሷ ነጠላ ነበር። ከዚያ ጎንደር ኪነት ገባ፣ ሰርግ ላይ ዘፈነ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቴአትር ሠራ፣ ቆይቶም ፊልም ላይ ብቅ አለ። እሷ በተዳረችበት ደባርቅ ስሟ ተረስቶ "የየሺዋስ እህት" ተባለች። ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ደስ አላት።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድያ ልጇ ምስክር በጭነት መኪና ረዳትነት ሲሠራ፣ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዘቢደር የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት፤ አገሩ ሰው ሲሞትበት የሚጠራው እሷን ነው። ለልጇም ሌላ ሰው አላስነካችም፤ ራሷ አወረደች፦

"ምስክሬ ልጄ ወጥቶ የሄደው በጧት፣
ሊማሊሞ ቀረ ሳይበላልኝ ራት።"

የሺዋስ ለለቅሶው መጥቶ ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተለየም። በሦስተኛው ቀን፣ "እትዬ፣ እስቲ ድገሚልኝ፤ በስልኬ ልያዘው። ሲናፍቀኝ እሰማዋለሁ" አላት። የገዛ ወንድሟ ነው፣ ምን ትጠርጥር? እያለቀሰች ደገመችለት።

ዘንድሮ አዲሱ ፊልሙ ደባርቅ አዳራሽ ይታያል ተባለ። ዘቢደር ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። የሺዋስ ፍቅረኛው ጥላው በአውቶቡስ የሄደችበት ጎረምሳ ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። አርባ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ፤ ፊልም አይደል። ከበሮ ተመታ፣ ማሲንቆ ገባ፣ ዘፈነ፦

"ሊድያዬ ፍቅሬ ጥላኝ የሄደች በጧት፣
ሊማሊሞ ቀረች ሳትበላልኝ ራት።"

ወጣቱ ተነሥቶ እስክስታውን አቀለጠው። ዘቢደር ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዜማው የእሷ ነው፣ ቃሉ የእሷ ነው፤ የወጣው የልጇ ስም ብቻ ነበር። ተከዳች። ጠላት ሰረቀኝ እንዳትል ያሳደገችው ወንድሟ ነው። ከእንግዲህ በልጇ ሙት ዓመት ያንን ሙሾ ብታነሣ የሰፈሩ ጎረምሳ ትከሻውን ሊሰብቅላት ነው።

መብራት ሲበራ የሺዋስ መድረክ ላይ ወጣ። ጭብጨባው የልብ ልብ ሰጥቶታል። "ይህን ዜማ ያገኘሁት ከእህቴ ነው። ነይ እትዬ፣ አብረን እንበለው" አላት። ያከበራት መስሎታል። ይኸ ደግሞ ከስርቆቱ የበለጠ አንገበገባት።

ወጣች። ማይኩን ተቀበለችው። በዚያ አገር ሙሾ የሚነሣው በሟቹ ስም ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም በሙሾ አይጠራም። ዘቢደር መቀነቷን አጠበቀችና አወረደች፦

"የሺዋስ ወንድሜ ያሳደግሁህ በእጄ፣
ዛሬ ቀበርሁህ ከጎኑ ከልጄ።"

ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አሮጊቶቹ ግን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ተነሡ። የሺዋስ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አለሁ" አላት ቀስ ብሎ።

ማይኩን መለሰችለትና ወረደች።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ቤቷ ሄደ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ አግዳሚ ተደርድሯል፤ እህቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ አዛውንቱ ወልደ ሩፋኤል በሩ ላይ የቆመውን የሺዋስን አልፈውት ገቡና ከፊቷ ጎንበስ አሉ።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ፤ የወንድም ሞት ከባድ ነው።"

"እናንተን ያቆይልኝ" አለች።