ሦስተኛው ምት

የዓለምዘርፍ የመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሟች ባሏ ንጉሡ የተወላት አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነበረች፤ አብዮቱ እንደፈነዳ አገር ለቆ ከሚወጣ ፈረንጅ ላይ የገዛት። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣ የዓለምዘርፍ ራሷ እየነዳች ደሴ ሆስፒታል ታደርሳት ነበር። ከክረምቱ በኋላ ግን መኪናዋ አልነሳም አለች።

ሞተሯ እንደሌሎቹ አይደለም፤ ፒስተን የለውም። በፒስተን ፋንታ ሦስት ማዕዘን ያላቸው ሁለት ብረቶች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ በየክፍላቸው ይሽከረከራሉ። ከደሴ የመጣ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ "ይሄ ዓይነቱ አንዴ ከቆመ አበቃለት፤ ለብረት ሽጪው" ብሏት ሄደ። እሷ ግን አልሸጠችም።

በገበያ ቀን እህል ሊጭን የመጣው ሾፌር አድማሴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በወጣትነቱ አስመራ ጋራዥ ሠርቷል፤ እንዲህ ያለ ሞተርም ፈቶ ያውቃል።

"ኮምፕሬሽኑን ለካው?"

"ኧረ አልነካውም።"

"ታዲያ ሳይለካ ነው የቀበራት? ሞተር እኮ ቤንዚኑን አፍኖ ካልጨመቀ አይነሳም። አፍኖ መያዝ አለመያዙን ሳያዩ ሞተ አይባልም።"

መኪናዋ ወደቆመችበት የጤና ጣቢያው ግቢ ገብቶ፣ ከራሱ መኪና አንዱን ባትሪ አውርዶ አስገባላት። እሳት እንዳይፈጥር የቦቢናውን ገመድ ነቀለ፤ እሳት የሚጭረውን የፊተኛውን ክፍል ካንዴላ ፈታ። የያዘው የኮምፕሬሽን መለኪያ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ስለሆነ መርፌው እምብዛም አልተነቃነቀም።

"በጆሮ ነው እንግዲህ" አለ። "ብረቱ አንድ ዙር ሲዞር ሦስቱም ጎኑ በየተራ አየር ይተፋል። ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። ግን የእኔን ጆሮ የከባድ መኪና ጩኸት በልቶታል።"

የዓለምዘርፍ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣ ማስነሻውን ሞተሪኖ አዞረችው። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። ቀጥሎ የኋላው ካንዴላ ተፈታና ደግማ አዞረችው። ይኼኔ የዜማ መምህር የሆኑት አባቷ መሪጌታ ወልደሩፋኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደርሰው አጥሩ ሥር ቆመው ያዳምጡ ነበር።

"ይሄ ጎደሎ ነው" አሉ። "ሁለቱ ይመታሉ፤ ሦስተኛው ይሰንፋል።"

"አንቱ እንዴት ለዩት?"

"ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ከበሮ ሳቀና አይደል የኖርሁ?"

የአድማሴ ፊት ከበደ። "በየጎኑ ጠርዝ አየሩን የምትዘጋ ስስ ብረት አለች። ተሰብራ ከሆነ መካኒኩ ልክ ነው። ጥላሸት ይዟት ከሆነ ግን ትላቀቅ ይሆናል።"

ዘይትና ላምባ ቀላቅሎ በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰሰ። የዓለምዘርፍ ያን ቀን በሽተኛ ባየች ቁጥር ብቅ እያለች ሞተሩን በመፍቻ ትንሽ ትንሽ ታዞረው ነበር።

በማግሥቱ ደግመው ሞከሩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያው ነው።"

አድማሴ እጁን ጠረገ። "እህቴ፣ እኔም ጭነት ይጠብቀኛል።"

"አንድ ጊዜ ድገመው።"

"ምን ዋጋ አለው?"

"ልጇ አልወጣ ያላትን እናት አንዴ ሞክሬ አልተዋትም" አለችው። "አፍስስ!"

አፈሰሰ። አሁን መፍቻውን ወስዳ ራሷ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያመላለሰች፣ ላብ እስኪያጠምቃት ታገለችው። ከውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀጭ አለች። ሮጣ ገብታ ሞተሪኖውን ስታዞረው ከቀዳዳው ጥቁር ጭቃ የመሰለ ጥላሸት ተፈናጥሮ የአድማሴን ሸሚዝ አጠቆረው። ከዚያ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ!

መሪጌታ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። "ገባ! ሦስተኛው ገባ!"

"አብሽሪ፣ ሞተርሽ ደህና ነው!" አድማሴ ጥላሸቱን ሳይጠርግ ካንዴላዎቹን መለሰ፤ ገመዱን ሰካ። የዓለምዘርፍ ቁልፉን ጠመዘዘች። ሞተሩ ሳል ያዘው፤ ግቢው በነጭ ጭስ ተሸፈነ። ከዚያ ጭሱ እየሳሳ ሄዶ እንደ ንብ መንጋ ያለ፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ ወጣ። ወረፋ የያዙ ሴቶች እልል አሉ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን ደግፋ ከሁሉም አስበልጣ እልልታውን አስነካችው።

"ይግቡ፣ አባዬ!"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት ተቀመጡ። የዓለምዘርፍ በገበያው መሃል አልፋ፣ ወደ ደሴ ወደሚያወጣው ዳገት ፊቷን አዞረች። ልጆች ተከትለው ሮጡ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ያኔ ከባሏ ጋር ሁልጊዜ ማርሽ ይቀንሱበት በነበረው ቦታ፣ መስጫውን ይበልጥ ረገጠችው። መኪናዋ አልደከመችም።

"ዓለሜ፣ ቀስ በይ እንጂ!" አሉ መሪጌታ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ጨብጠው።

"ዛሬስ ቀስ አልልም፣ አባዬ!" አለችና እየሳቀች ዳገቱን ጨረሰችው።