ከቁልቢ በኋላ

ዘነበን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው የሐረርንና የድሬዳዋን ዋጋ ቢጠይቁት አይሳሳትም። ጅጅጋ መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስና ፔርሙስ ሲሸጥ፣ ዕቃውን ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲያመላልስ ጎልማሳነቱን የጨረሰ ሰው ነው። የትኛው ሚኒባስ ለጭነት ምን እንደሚያስከፍል፣ የትኛው አልጋ ቤት ውሃ እንዳለው፣ የቱ ምግብ ቤት ለነጋዴ እንደሚቀንስ ያውቃል። ሚስቱ ንጋቷ ግን ከሸኖ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ሐረርን በጨለማ ነበር ያለፈቻት፤ ድሬዳዋንማ ጭራሽ አላየቻትም። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ጠባቂ ሆና ቀረች። ቢበዛ የራቀችው ቀብሪበያ ድረስ ነው፤ እሱም ለለቅሶ።

ኅዳር ላይ የዓይን ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፤ ጠብታው ቢያዘገየው እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም። «ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አሁን እዪ» አላት። ንጋቷ አላለቀሰችም። ከክሊኒኩ ግቢ ወጥተው መንገድ ሲጀምሩ የባሏን ክንድ ያዘችና፣

«እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ዕቃ ሳንይዝ እንሂድ» አለችው። «ሐረር ወይ ድሬዳዋ። አንተ ታውቃቸው የለ? የትኛው ያምራል?»

ዘነበ ቆም ብሎ አሰበ።

«ሐረር ይረክሳል» አለ።

«እኔ ዋጋ ጠየቅሁህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

የመለሰችላት ዑባህ ናት። ዑባህ ከሱቃቸው ጎን ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሊ ጎረቤታቸው ስትሆን አማርኛዋን የለመደችው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሐረርም ወላሂ ቆንጆ ነው» አለቻት። «ግድግዳው ሁሉ ቀለም ነው፤ አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ። ድሬ ደግሞ ጥላ ነው። ዛፍ ከዚህ፣ ዛፍ ከዚያ፣ በመሃል መንገድ። ሲመሽ ሰው ሁሉ ውጪ ይቀመጣል። ብቻ ቶሎ ሂዱ። ሱቁን እኔ አያለሁ።»

ዘነበ ግን ሲያሰላ ሰነበተ። ሐረር ቅርብ ናት፣ ትራንስፖርቷም ይቀላል፤ ግን አልጋዋ ውድ ነው። ድሬዳዋ አልጋዋ ይሻላል፤ ሙቀቱ ደግሞ ለውሃና ለለስላሳ ብቻ ስንቱን ያስወጣል። አንዱን ከአንዱ ሲያስተያይ ታኅሣሥ ገባና የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ መጉረፍ ጀመረ። በዚያ ሰሞን በሁለቱም ከተሞች አልጋ እጥፍ ይሆናል፤ ታሪፍ የሚባለውንም የሚያስታውሰው የለም። ይህን ከዘነበ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዓመት ጠብቆ የሚያተርፈው በዚሁ ሰሞን ነዋ።

«ለምን በእጥፍ እንሄዳለን?» አላት። «ከቁልቢ በኋላ ዋጋው ይወርዳል። በሚተርፈው ሁለቱንም አሳይሻለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በውድ ቀን ገዝቶ አያውቅም፤ ለሚስቱ የሚመኝላትም ያንኑ ለራሱ የሚያውቀውን መልካም ነገር ነበር። ንጋቷም እንደ ልማዷ «እሺ» አለች። ያን ዕለት እንኳ እምቢ ብትል ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ ስኳሩን ፍለጋ መደርደሪያውን በእጇ መዳበስ ጀመረች። ደንበኛን በድምፁ እየለየች በስሙ ትጠራና ያየችው ታስመስላለች። አንድ ቀን ዑባህ ዘነበን ወደ ጎን ሳብ አደረገችው።

«ትናንት መቀስ ሳቀብላት ባዶ አየር ያዘች» አለችው። «አትጠብቅ፣ ዘነበ።»

«በዓሉ ሊያልፍ እኮ ነው» አለ።

ቁልቢ አለፈ። ዋጋው ሳይወርድ የገና በዓል ደረሰ፤ ዘነበም አንገቱን ደፍቶ «እሱም ይለፍና» አለ። ገናም አለፈ። ወዲያው በማግሥቱ ጠዋት ሚኒባስ ጠይቆ፣ የሁለት ሰው ቦታ አስይዞ፣ በዋጋው መውረድ ደስ ብሎት ወደ ቤት ገባ። ንጋቷ ለባብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በበሩ የገባው ፀሐይ ጉልበቷ ላይ ደርሷል።

«ዘነበ፣ ነግቷል እንዴ?» አለችው።

ዘነበ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሲያለቅስ የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ አይታው አታውቅም፣ ከእንግዲህም አታየውም።

ጉዞው ይቀራል ብሎ ነበር። እሷ ግን እንሂድ አለች። የትኛው ይሁን ሲላት ለመልስ አልዘገየችም።

«ድሬዳዋ። የሐረር ቀለም አሁን ምን ይሠራልኛል? ጥላ ግን ገላ ያውቀዋል።»

ሚኒባሱ ገሚሱ ባዶ ነበር። መስኮት ጥግ አስቀመጣት። ተራራውን ወጥተው ሲወርዱ ምን ይታያል ብላ ጠየቀችው። ዘነበ በዚህ መንገድ ላይ ከተሳፈረበት እስከሚወርድበት ተኝቶ ወይም ጭነቱን እየጠበቀ ነበር የሚሄደው። ባቢሌ ላይ ያን ሁሉ የተነባበረ ድንጋይ አሁን ገና አየው፤ ሊነግራት ፈልጎ «ድንጋይ አለ፣ ብዙ ድንጋይ» ከማለት በላይ ቃል አልመጣለትም። ሐረርን ሲያልፉ «ደረስን?» አለች፤ «ገና ነን» አላት።

ድሬዳዋ ደርሰው ዑባህ ያለችው ዓይነት ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ንጋቷ ፈገግ አለች።

«የምን ዛፍ ነው?»

ዘነበ ቀና ብሎ አየ። ከዚሁ ዛፍ ሥር ስንት ጊዜ ዕቃ አውርዷል። ስሙን አያውቅም።

«ትልቅ ነው» አላት።

«አበባ አለው?»

«አሁን የለውም። ቀድሞ ይኑረው አይኑረው… ልብ አላልኩም፣ ንጋቷ።»

ድምፁ ሲሰበር ሰማችው። በእጇ ፈልጋ ጉልበቱን ያዘች።

«ተወው በቃ» አለችው። «የምታውቀውን ንገረኝ። አልጋው ስንት ሆነ?»

«ወርዷል» አላት። «በግማሽ ወርዷል።»