ሬዲዮ ያገኘው ቤት

ደላላውን የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ይለዋል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ጠባቧን ክፍል «ሞቅ ያለች»፣ ጨለማዋን «ቀዝቀዝ ያለች» እያለ ሲያሞጋግስ ልብስ ሰፊዋ ከኋላው እየተከተለች በየቤቱ ዞራ ሰለቻት። እሷ የምትፈልገው ግልጽ ነበር፤ ሰፊ መስኮት፣ ብርሃን፣ ከደጅ ዛፍ። ለእናቷ ምርጥ ምርጡን ብላ ነው።

እናቷ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ተከራይተው ባረጁበት ቤት ውስጥ ያለ በትርና ያለ መሪ ይሄዳሉ። ዕቃ ያጥባሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ የልጃቸውን መቀስ ካለበት አንስተው ያቀብላሉ። ያ ቤት ሊፈርስ ነው። አዲስ ቤት ልትገዛላቸው መሆኑን የነገረቻቸው ቀን የመለሱላት መልስ እንቅልፍ ነሳት።

«ዓይኔ አንዴ ጠፋ፣ ቻልኩት። ከዚህ ካወጣሽኝ ግን ሁለተኛ መታወሬ ነው፣ ልጄ። ያንን የምችለው አይመስለኝም።»

ይህንኑ ለሬዲዮ ነገረችው፤ ሆድ ብሷት እንጂ መላ ያመጣል ብላ አይደለም። ሰውዬው ዝም አለ። ዝም ሲል አይታው ስለማታውቅ ደነገጠች።

«እስቲ ያሁኑን ቤት ልየው» አላት።

መጣ። ለእናቷ ሰላምታ ሰጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ እስከ ጓዳ እየተደናበረ ሄደ። የጓዳው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሊደፋ ምንም አልቀረው። ደረጃውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ነገሩ አልተዋጠላትም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ይባል የለ? የሚፈርሰውን ቤት በርና መስኮት ሊቸበችብ ይሆናል አለች በልቧ። ይባስ ብሎ ሬዲዮ የውሃ ሽታ ሆነ። ስልክ አያነሳም፤ ቤቱ የሚፈርስበት ጊዜ ደግሞ እየቀረበ ነው።

በስንት ጊዜው አንድ ጠዋት ራሱ ደወለ። «እናትሽን ይዘሽ ነይ። ስለ ቤቱ ምንም እንዳትነግሪያቸው።»

የወሰዳቸው ከተማው ጫፍ ነው። ቤቱ ያረጀ፣ መስኮቶቹ ትንንሽ፣ ደጁ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ።

«እናቴን ለዚህ ነው ያንከራተትካት?»

«ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፣ እህቴ» አለና በሩን ከፈተ።

እናቷ የልጃቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ገቡ። ወዲያው ቆም አሉ። ሌላውን እጃቸውን ወደ ቀኝ ሰደዱት፤ የግድግዳው ጥግ እዚያው ነበር። ያን ጊዜ የልጃቸውን እጅ ለቀቁት።

ሄዱ። መኝታ ቤቱ ጋ ታጠፉ፣ ተመልሰው ወጡ፣ ወደ ጓዳ አቀኑ። ልጅቷ ከፊታቸው ደረጃ አየች። ልትይዛቸው ስትሮጥ ደላላው እጅጌዋን ያዝ አደረጋት።

«ተያቸው» አላት በሹክሹክታ።

የእናቷ እግር ሳያመነታ ዝቅ አለ፣ ወለሉንም አገኘ። ልጅቷ ከተወለደች እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ዓይን እያላት፣ ያደገችበት ቤት አምሳያ ባዶውን ፊቷ ቆሞ ስታየው አላወቀችውም ነበር።

«እንዴት አድርገህ?»

«የሁለቱም ቤት ግንበኛ አንድ ነው» አላት። «ምስኪን፣ ዕድሜ ልኩን አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱኑ እየደጋገመ ሠራ። ሰው እንደሳቀበት ሞተ። እኔም ስቄበታለሁ። የናንተን ደረጃ ስዳብሰው የሱ እጅ መሆኑን አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ያልፈረሱትን እየፈለግኩ ባለቤቶቹን ሽጡልኝ እያልኩ ስለማመጥ ነው የከረምኩት። እሺ ያለኝ የዚህ ቤት ባለቤት ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። የማታውቀው ሰው፣ መሳቂያ የነበረ ሰው፣ እናቷን ሳያያቸው ቤት ሠርቶ አቆይቶላቸዋል። እንባዋ መጣ።

እናቷ ከጓዳ ተመለሱ። ደረጃው አናት ላይ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» አሉ። «እዚህ ጋ ደረጃ አለ፤ እንዳትወድቂ።»