የዕፀገነት ቪትዝ

ዕፀገነትን ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል የጣላት በሰኔ ዝናብ ነበር። ለሥራ በሄደችበት ባዕድ ከተማ፣ ከምትኖርበት ከጀበል ሰፈር ተነስታ አማራት ሰፈር፣ ወጥ ወደምትሠራበት ሆቴል ስትሄድ ሞተሩ ጭቃ ላይ አንሸራተተና እሷንም ነጂውንም ቦይ ውስጥ ዘረራቸው። ክንዷ ተሰብሮ አንድ ወር ተኩል ቤት ዋለች። ከዚያ ወዲህ ቦዳ ላይ መውጣት ፈራች።

በአራት ዓመት ያጠራቀመቻት ገንዘብ ነበረቻት። እህቷ ሒሩት ከደብረ ብርሃን ደውላ፣ "ቦታ ግዢባት፤ ስታረጂ የምትገቢበት ጎጆ ይኑርሽ" ብትላት፣ "መጀመሪያ ለማርጀት ልብቃ" አለችና ከኡጋንዳ የገባች፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ ቪትዝ ገዛች። መንዳት ያስተማራት ጎረቤቷ ዊዩአል ነው፤ ጋምቤላ ያደገ ጨዋታ አዋቂ። በደነገጠች ቁጥር "በስመ ሥላሴ!" ስትል፣ "እትዬ፣ ፍሬኑንም ርገጪው እንጂ" እያለ ያስቃት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሠራተኛው ሁሉ ቀድማ ገባች። ባለሆቴሉ ጋሽ መልከጼዴቅ መኪናዋን እየዞረ አይቶ መረቃት። በወሩ መጨረሻ ደመወዟን ስትቀበል የትራንስፖርት አበሏ የለም።

"ጋሼ፣ የትራንስፖርቱን ረሱት መሰለኝ።"

"አልረሳሁም። አበሉ መኪና ለሌለው ነው። አንቺማ ተመስገን፣ ባለመኪና ሆንሽ!"

"መኪናዋ በውሃ አትሄድ!"

"እኔ ግዢ አላልኩሽ። ለምቾትሽ የገዛሻት ነች።" ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። "በዚያው ጠዋት ስትመጪ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዞር በይና ሽንኩርትና ቲማቲሙን ጫኚልኝ። መንገድሽ ነው።"

መንገዷ አልነበረም። የሥራ ፈቃዷን በየዓመቱ የሚያሳድስላት ግን እሱ ነውና ጫነች።

ጥቅምት ላይ ቤንዚን ጠፋ። የሄደችበት ማደያ ሁሉ "ማፊ! የለም!" እያለ መለሳት። አንድ ቀን ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ በአራት ሰዓት ሥራ ብትገባ ከደመወዟ ተቆረጠባት። የጭማሪ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ለዕቃ አጣቢዋ ለአስረሳሽ ተጨመረላት፤ ዕፀገነት ብትጠይቅ፣ "መኪና የምትነዳ ሴት ከድሃ ጋር ትሻማለች እንዴ?" አላት።

ታኅሣሥ ላይ መኪናዋን ለሽያጭ አወጣቻት። ገዢ ጠፍቶ ሲጓተት ሰነበተና በመጨረሻ የገዛት ራሱ ጋሽ መልከጼዴቅ ነው፤ እሷ የገዛችበትን ዋጋ ግማሽ ከፍሎ። በሳምንቱ ዋል የሚባል ሹፌር ቀጠረ፤ ደመወዙን፣ ቤንዚኑን፣ የምሳ አበሉን ሁሉ ችሎ። የዋል ሥራ ከኮንዮ ኮንዮ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምጣት ነው።

"እንግዲህ አሁን መኪና የለኝም፤ አበሌን ይመልሱልኝ" አለችው።

"አራት ወር ሙሉ ያለ አበል ስትመጪ አልነበር?"

ዕፀገነት እንደገና ቦዳ ላይ ዓይኗን ጨፍና መመላለስ ጀመረች። በሥራዋ ግን ልቧ ሞተ። ሰዓቷ ሲሞላ ሽርጧን ፈትታ ትወጣለች፤ ቁሌቱን እንደ ቀድሞው እስኪበስል አትጠብቀውም፤ ወጡን ለመቅመስ ማንኪያ አታነሳም። ደንበኛው እስኪሸሽ፣ ጋሽ መልከጼዴቅም ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ እስኪለምናት ሦስት ወር ጠበቀች።

ደንበኛው አልቀነሰም። አንድ ቀን ምሳ ሲያበቃ አስረሳሽ ባዶ ሳህኖች ተሸክማ ገባችና፣ "እትዬ፣ ዛሬም ጥርግ አድርገው ነው የበሉት" አለቻት፣ ደስ የሚላት መስሏት። ዕፀገነት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።