ጠባቧ ዓምድ

ርዕሰ መምህራችን የትምህርት ዕቅዱ ላይ «ኢስላማዊ እሴት» የምትል አዲስ ዓምድ አስጨመሩ። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሁሉ በየርዕሱ ፊት ለፊት ከሃይማኖታችን አንድ ነገር ይጻፍ ተባለ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ስለ ልብ አስተምሬ ስለ ፈጣሪው ዝም ማለት እኔንም ይከብደኛል። ግን ዓምዷ ሁለት ጣት አትሞላም፤ አስረክቡ የተባልነው ደግሞ በማግስቱ። ንድድ አልኩ። አርባውን ርዕስ በአንድ ከሰዓት ጥርግ አድርጌ ሞላሁ። ኩላሊት ላይ «ንጽሕና»፣ ሳንባ ላይ «ምስጋና»፣ የደም ስኳርን የሚመጥነው ቆሽት ላይ «ጾም ቆሽትን ያሳርፋል»። «የታመመ ግን አይገደድም» የሚለው ቀረ። ቦታ አንሶኝ ነው እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ ደክሞኝ ነው።

ክፍል ገብቼ እንዳለ አጻፍኳቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቆሽቱ የታመመ ሰውም ቢጾም ያርፍለታል?»

ደወሉ ሊደወል ነው። «ጾም ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ለምን ጠየቅሽ አላልኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ወደቀች። ዓርብ ቀበርናት።

ከለቅሶው በኋላ አባቷ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልለው የመምህራን ክፍል መጡ። ጎማ ጠጋኝ ናቸው፤ እጃቸውን ቢታጠቡትም ጥቁረቱ አይለቅም።

«መምህርት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ታናሿን አንብቢልኝ ስላት ታለቅሳለች። ሐኪሙ የስኳር መርፌዋን ካቆመች ሰነባብታለች አለኝ። ራሷ ነበረች የምትወጋው። ለምን እንዳቆመች እዚህ ላይ ጽፋ ይሆን?»

ገለጥኩት። የኔ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ተሰምሮበታል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «ጾም ማንንም አይጎዳም። ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ቆሽቴ እስኪያርፍ መርፌ የለም። ለአባዬ ሲሻለኝ እነግረዋለሁ።»

ሰውየው አፍ አፌን ያያሉ። በሉ ይጩሁብኝ፣ ይምቱኝ ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«የትምህርት ነው» አልኩ። «ሌላ ነገር የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርስዎን ትወድዎት ነበር፤ ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ ቲቸር እንዲህ አለች ነው። አላህ ይስጥልኝ።»

«አሚን» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

ደብተሩን መልሰው ጠቀለሉት። «ታናሿ ከርሞ እርስዎ ጋ ትገባለች። ያኔ ልቧ ይጠናል፤ ከዚሁ ከእህቷ ደብተር ታጠናለች።»

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው፤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።