አውድማውን የሚያየው መስኮት

«ማሽላውንማ ዛሬውኑ እንውቃው፤ የሐዘንተኛ አዝመራ ሜዳ ላይ አይቀርም» አለ ጎረቤታቸው ኡበይደላ፣ መንሹን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ወንዶቹ ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው ከጓሮ ወዳለው አውድማ ወረዱ። የሟቹ የዓሪፍ ልጅ ረሂማ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ቀረች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ሰብር አድርጊ እህቴ፣ ቻይው» አለቻት ጎረቤቷ ነኢማ ሻይ እያቀበለቻት። «ግን አስም እኮ ስንቱን ይዞ ያኖራል። የእሳቸው ምነው እንዲህ ጠና?»

«አስም አልነበረም» አለች ረሂማ።

ዓሪፍ ሲተነፍስ ማፏጨት የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በሬዎቹን እያንጎራጎረ ሲያበራይ ድምፁ ግራና ከተማ ድረስ ይሰማል እየተባለ የሚቀለድበት ሰው፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ማለክለክ ጀመረ። መርሳ ከተማ ጤና ጣቢያ ሄዶ አስም ነው ተባለና የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠው። መነሻውን ደግሞ ረሂማ ራሷ አገኘችው፤ የአውድማው እብቅ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ዓሪፍ አውድማ አልረገጠም። በውቂያ ሰሞን መስኮቱ ሳይቀር ይጠረቀምበታል።

«ልጄ፣ ትንሽ ከፈት አድርጊልኝ፤ በሬዎቹን ልያቸው» ይላታል።

«ይቅርብዎ አባዬ፣ እብቁ ይገድልዎታል።»

ዓሪፍም እንደ ሕፃን ይታዘዛታል።

ባለፈው ሳምንት ትንፋሹ ጨርሶ አልወጣ አለ። የመንደሩ ሾፌር ፈንታው መኪናውን አብርሮ ወልድያ ሆስፒታል አደረሳቸው። «አስም አይደለም» አላት ሐኪሙ። «የአየር ቧንቧቸው ውስጥ እጢ በቅሎ መንገዱን ዘግቶታል። እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥመንም።» ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ ነበር፣ መግቢያ ግን አጣ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልከው ወረቀት ተጽፎ ሳያልቅ፣ ረሂማ እጁን እንደያዘች አለፈ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አውድማቸውን በከንቱ ከለከልኳቸው» አለች ረሂማ እንባዋ እየወረደ።

«ሐኪም ያላየውን አንቺ በምን ታውቂ?» አለቻት ነኢማ።

«አሁንማ አወቅሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ኡበይደላ በመንሹ እየዛቀ ወደ ላይ ሲበትነው እብቁ ወደ ቤቱ መጣ።

«ውይ፣ መስኮቱን!» አለች ነኢማ፣ እንደ ልማዷ።

ረሂማም እንደ ልማዷ ብድግ አለች። መዝጊያውን ያዘች፤ እጇ ግን እዚያው ቀረ። የአባቷን በርጩማ በእግሯ ወደ መስኮቱ ሳበችና መዝጊያውን ወለል አድርጋ ከፈተችው።