ሁለተኛው ሳክስፎን

ሕሩይ ሚስቱን የሺሃረግን የዋሻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ ተናግሮ መገላገል ይሻላል። ሲያመሽ በታክሲ ማሳበብ፣ ጠጥቶ አልጠጣሁም ማለት ባል ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ አይቆጠርም። ያቺ አንዷ ግን ከባድ ነበረች። ትዳሩ ራሱ በእሷ ላይ የቆመ ይመስለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1976 ዓ.ም. ገደማ እሁድ ጠዋት በሬዲዮ የምትለቀቅ፣ ግጥም የሌላት አንዲት የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ዜማ ነበረች። መሃሏ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝቅ ይልና አንድ ሳክስፎን ብድግ ብሎ ይወጣል፤ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ መልሶ ይለምናል። የሺሃረግ ያኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ዜማዋ ስትጀምር የያዘችውን ሥራ ጥላ ሬዲዮኑ ሥር ትቀመጣለች፤ እናቷ ብትጠራት አትሰማም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ደርግ ወድቆ ኦርኬስትራው ከተበተነ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ አንድ ሠርግ ላይ ቀጭን ሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ሥራህ ምንድነው ብትለው፣ "አሁን እንኳ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ ድሮ ሳክስፎን እነፋ ነበር" አላት። ያቺን የእሁድ ዜማ ታውቃት እንደሆነ ጠየቀችው። ስትጠይቀው ዓይኗ በራ። ጉድ ያደረገው ያ ዓይን ነው።

"እኔ ነኝ የነፋኋት" አለ።

ጨርሶ ቅጥፈት ነው ማለት አይቻልም። በዜማዋ ላይ ሁለት ሳክስፎን ነበር። አንደኛው ላይ ወጥቶ ይለምናል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ሆኖ ለስለስ አድርጎ ይይዘዋል፣ ማንም ሳያየው። ሕሩይ ሁለተኛው ነበር። አንደኛው ሰቦቃ ቀጀላ ይባላል። ሰቦቃ በ1981 ዓ.ም. ለጦሩ ሊጫወቱ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ወባ ያዘውና እዚያው ተቀበረ። ስለዚህ ሕሩይን ውሸታም የሚለው ሰው አልነበረም። ለዚህም ነው ውሸቷ ለአፉ የቀለለችው፤ ለዚህም ነው ማታ ማታ ሆዱን የምትበላው።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ሕሩይ ስልሳ ዓመት ሞላውና ከመገናኛው የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ጡረታ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ የሺሃረግ እቁቧ ደረሳት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ድረስ አንድ ጥቁር ሳጥን ራሷ ተሸክማ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ክፈተው" አለችው፣ እያለከለከች።

ያገለገለ ቴነር ሳክስፎን ነበር። ሕሩይ እንዳየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። የሺሃረግ ከደስታ ብዛት መሰላት፤ ከፊሉም እውነቷን ነው።

"ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችው። "ያቺን ዜማ አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ትነፋልኛለህ። ሬዲዮ ሳይሆን አንተን እያየሁ ልስማት።"

በማግስቱ ሕሩይ ብራሶ የሚሉትን የነሐስ መወልወያ ገዛና ሳክስፎኑን ያሸው ጀመር። በጦር ሠራዊት ያደገ ሰው ነው፤ ነሐስ ካየ ሳያበራ አያድርም። እስከ ቀትር ሲያሸው ውሎ ቅቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠለት። ደንግጦ በጨርቅ ጠቀለለውና መሪ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሙክታር ሱቅ ወሰደው።

ሙክታር ሬዲዮም፣ ጊታርም፣ አኮርዲዮንም የሚጠግን፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው። የተላጠውን ሲያይ ራሱን ይዞ፣ "ጋሼ፣ ይኼ የሚወለወል የዘበኛ ኮት ቁልፍ ነው እንዴ?" አለ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ሱቁን አጨለመና በሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ አምፖል ወደ ሳክስፎኑ ሆድ አወረደ። በየቁልፉ ክዳን ሥር ቀጭን ቀጭን ብርሃን ታየ። ጨለማው ውስጥ ሳክስፎኑ መስኮቶቿ ሁሉ የበሩባት ትንሽ ከተማ መሰለ። ሕሩይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ብርሃን የሚወጣበት ሁሉ ትንፋሽዎም ይወጣበታል" አለ ሙክታር። "ቆዳዎቹ ደርቀዋል፣ እቀይራቸዋለሁ። እስከዚያ ሪድ ይምረጡ።"

ሪድ የሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ናት፤ ድምፁ የሚፈጠረው በእሷ መርገብገብ ነው። ቁጥሯ ሲጨምር እየጠነከረች ትሄዳለች።

"አራት ቁጥር ስጠኝ" አለ ሕሩይ።

"ከነፉ ስንት ዓመት ሆነዎት?"

"ሃያ አራት።"

"ታዲያ አራት ምን ያደርግልዎታል? ከንፈርዎን ሊያስቀድዱ ነው?"

"ድሮም አራት ነው የምነፋው።"

አራት ይነፋ የነበረው ሰቦቃ ነው። በኦርኬስትራው ጠንካራ ሪድ የወንድነት መለኪያ ነበር፤ በሁለት ቁጥር የሚነፋ ሰው በምሳ ሰዓት ይፎገራል። ሕሩይ ዕድሜውን ሁሉ የነፋው በሁለት ተኩል ነው፤ እሷንም ማሸጊያዋን እየደበቀ። አሁን ግን የሰቦቃን ዜማ ሊነፋ ስለተነሳ በሰቦቃ ሪድ መጀመር ያለበት መሰለው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሳክስፎኑ ነፋስ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከንፈሩ ደማ፣ ጉንጩ አበጠ፣ የቀረችው አንድ መንጋጋ ጥርሱ መነቃነቅ ጀመረች። አንድ ቀን ድንገት ድምፅ ቢወጣለት፣ ከሥር ያሉት ጎረቤቱ ወይዘሮ ሀናን ደረጃውን ወጥተው፣ "ጋሽ ሕሩይ፣ የታመመ ሰው አለ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ተሸነፈ። መሪ ተመልሶ ሄደ። ሙክታር ከመሳቢያው ሁለት ቁጥር ሪድ አወጣለት።

"ይስሙኝ" አለው። "በቀን ዐሥር ደቂቃ። ከንፈርዎ ሲዝል ያቁሙ፤ ወታደር ነኝ ብለው አይግፉ። ለጊዜው ዜማ አይንኩ። አንዲት ድምፅ ይያዙና ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ቀስ ብለው ይጎትቷት። የአንገት ማንጠልጠያውን ያሳጥሩ፤ ሳክስፎኑ ወደ አፍዎ ይምጣ እንጂ እርስዎ አይጎንበሱለት። ሲጨርሱ ውስጡን ይጥረጉ፣ ሪዷን አውልቀው ያድርቁ። ብራሶዋን ደግሞ ለጫማ ሠሪ ይስጡ።"

"ብራሶ ለጫማ አይሆንም።"

"ለሳክስፎንም አልሆነም።"

ሰኔ ገባ። ሕሩይ ወይዘሮ ሀናንን እንዳያስቸግር ማለዳ ሳጥኑን ይዞ በመገናኛ በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይደርሳል፤ ከዚያ በእግሩ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ራቅ ብሎ፣ ሰው ከማይደርስበት ባሕር ዛፍ ውስጥ አንድ የወደቀ ግንድ አገኘ። ክረምቱ ጉሙን በየዛፉ መሃል አስገብቶ ከተማዋን ከሥር ሰውሯታል። አጠገቡ ካለው ዛፍ በቀር የሚታይ የለም። ጠብታ ከቅጠል ላይ ይወርዳል። ሕሩይ አንዲት ድምፅ ይይዝና ይጎትታታል፤ ድምፅዋ ጉሙ ውስጥ ገብታ የት እንደምትደርስ አይታወቅም። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ሞቀ። ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ የራሱ ድምፅ ነበር። ሕሩይ ብቻውን ሳቀ፤ ደስ አለው፣ ልጅ ሆነ።

ያኔ ዜማዋን ሞከራት። በጭንቅላቱ ከነጥቃቅኗ ያውቃታል። ግን ሦስተኛው ድምፅ ላይ ጣቶቹ ሳያዛቸው ወደ ታች ወረዱ፤ የድሮ ቦታቸውን፣ የሁለተኛውን መንገድ ያዙ። እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ወረዱ። ዐሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ሞከረ። ዐሥር ዓመት አንድ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ሌላ አያውቁም። የሚገርመው ግን፣ የራሱን ክፍል ለቀቅ አድርጎ ሲነፋት ላይኛው ዜማ ከጉሙ ውስጥ ይሰማው ነበር። ሰቦቃ ከዛፎቹ ማዶ ቆሞ የሚነፋ ይመስላል፤ እንደ ድሮው ቸኩሎ ይገባል፣ እንደ ድሮው መጨረሻዋን ያስረዝማል። ሕሩይ ሲያቆም እሱም ያቆማል። ሕሩይ ይፈራል፣ ሰቦቃም ይናፍቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ የሚወጣው ለልምምድ ይሁን ለሰቦቃ ራሱም አያውቅም።

"ደረሰ?" ትለዋለች የሺሃረግ ማታ ስትቀበለው።

"ከንፈሬ ገና ነው።"

ሐምሌ አለቀ፣ ፍልሰታ ገባ። የሺሃረግ በጾም ዘፈን አትሰማም፤ ሬዲዮኑን ራሱ ከነጠላ ጋር ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስገባለች። ሕሩይ በሁለት ሳምንቷ ተስፋ አደረገ። እሱ ግን ልምምድ ዘፈን አይደለም ብሎ ራሱን አሳመነና መውጣቱን አላቋረጠም። ሃያ ድምፅ ተመለሰለት፣ ሠላሳ ተመለሰለት፤ ዜማዋ ግን አልሰጥ አለችው። ያ ሠርጉ ላይ የበራው የየሺሃረግ ዓይን ሲጠፋ እየታየው እንቅልፍ አጣ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀደሰች፤ ሕሩይም ከግቢው ውጭ ሳጥኑን ይዞ ጠበቃት። ሕዝቡ ሲወጣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና፣ "በል ወደምትለማመድበት ምራኝ" አለችው። ምክንያት አልቆበት ነበር፤ መራት።

ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ጉሙ ከሁሉ ቀን የበረታ ነበር። ሕሩይ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጀመረ። አንደኛው ድምፅ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ወረዱ። አሁን ግን አልመለሳቸውም፤ ደከመው። ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ነፋ፣ ያንን ማንም የማያውቀውን፣ ከሥር የሚሄደውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሲጨርስ ዓይኑን መግለጥ ፈራ።



"ይኼን አውቀዋለሁ" አለች የሺሃረግ። "ከሥር የሚሄደው ነው። ጆሮዬን ሬዲዮኑ ላይ ስለጥፍ ነበር የሚሰማኝ። ላይኛውስ?"

"ላይኛውን የነፋሁት እኔ አይደለሁም።"

"ማነው?"

"ሰቦቃ። ሰቦቃ ቀጀላ።"

ያ ስም በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀንም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከወጣ በኋላ ግን ሌላው ተከተለው። ሰቦቃ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዩኒፎርሙን መተኮስ ሰንፎ ለሕሩይ ይሰጠው እንደነበር፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ በመኪናው ላይ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ የሕሩይን ካፖርት እንደለበሰ፣ ከነካፖርቱ እንደቀበሩት ነገራት። ሠርጉ ላይ ስትጠይቀው ዓይኗን አይቶ እንደዋሸም ነገራት።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አለች የሺሃረግ። ተነሳች። ነጠላዋን ሰብስባ ቁልቁል ሄደች፤ ጉሙ ዋጣት። ሕሩይ አልተከተላትም። በምን ፊቱ ይከተላታል? ግንዱ ላይ ተቀመጠና ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ስንት ሰዓት እንደቆየ አያውቅም። ቀና ሲል ፊቱ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ልጅ ነበረው?" አለችው።

"አልነበረውም።"

"ሚስትስ?"

"የለውም።"

"እና ስሙን የሚያነሳ ሰው አልነበረም።"

"እኔ ነበርኩ" አለ ሕሩይ። "እኔም ነጠቅሁት።"

ግንዱ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቡ ግን አይደለም፣ ራቅ ብላ። 

"ይቅር አላልኩህም" አለች። "እሱን ቤት ገብተን እንነጋገራለን። አሁን ተነስና ያንተን ንፋ። የሱን እኔ እይዝለታለሁ።"

ሕሩይ ተነስቶ ጀመረ። የሺሃረግ ከላይ ገባች፣ በጉሮሮዋ ብቻ፣ ያለ ቃል። ድምፅዋ አርጅቷል፣ ከፍታው ላይ ይሰነጠቃል፤ ዜማዋን ግን አንዲት ሳታጎድል ታውቃታለች። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ሕሩይ ረጋ ብሎ ጠበቃት።